መካኒኩ ቤት መጣ

ለምወድሽ ልጄ፤ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ የወንድምሽ ክፍል ግን እስካሁን አይገባም።

ወንድምሽ ቅዳሜና እሁድን ከጓደኞቹ ጋር መንገድ በሌለበት በመኪና ሊጓዝ፣ በድንኳን ሊያድር ወጥቶ ጎርፍ ከወሰደብን ትናንት ስምንት ወር ሞላው። መኪናውን ይነዳ የነበረው ጓደኛው፣ መካኒኩ፣ መጣ። ከቀብሩ ጀምሮ በሩን ስዘጋበት ነበር። ትናንት ዝናብ ላይ ቆሞ ሳየው አላስቻለኝም፤ አስገባሁት።

"እማማ፣ መኪናው ወንዙ መሀል ሲያዝብን፣ ውረድና የመጎተቻውን ገመድ ዛፉ ላይ እሰር ያልኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "ውሃው ሲጨምር አይቼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።"

ልጮህበት ብድግ አልኩ። ከልብሱ ውሃ ሲንጠባጠብ አይቼ ፎጣ ሰጠሁት። ከዚያ አብረን አለቀስን። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፤ "ቅዳሜ ተመለስ" ነው ያልኩት።

ሲደውልልሽ እንደማታነሺ ነገረኝ። አልፈርድብሽም፣ የኔ ልጅ። ግን ሲቀልልሽ አንድ ቀን አንሺለት፤ ስለ ወንድምሽ መጨረሻ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ብርድ እንዳይመታሽ ልበሺ። ከወንድምሽ ዕድሜ የቀረውን ላንቺ ይጨምርልሽ።

እናትሽ