ከቡናማ ወደ ውሃ ሰማያዊ

ለታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ አሳውቅሻለሁ። በእናታችን ቤት ለሁለት ወር ያህል ታግዶ የቆየው ቡናማ ቀለም ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በነጻ ተለቋል። የበሩ ምንጣፍ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ታስረው የነበሩት ሁለቱ የትራስ ልብሶች ወጥተው ፀሐይ አይተዋል። የእኔም የሥራ ቦርሳ ከበር ውጭ ማደሩ ቀርቷል። የእገዳውንም የመፈታቱንም ምክንያት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ፤ ወደ ታች መውረዱን ግን እኔም አልቸኮልኩበትም።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላስከትል። እንደምን ሰንብተሽልኛል? ወገብሽ እንዴት ነው? ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለው? ባልሽ ደህና ነው? የልጁ የፊት ጥርስ በቀለ? ትንሿ ልጅሽ ድንቡሼ እንደምን ናት ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ደህና ናት አይደል? እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ወንድማችን መኪናውን እየነዳ፣ ሆዱን እያስቀደመ፣ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ እንዳልል ይኸው ደብዳቤ ይመሰክርብኛል።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት በትእዛዝ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ እማዬ የቤተሰቡን ፎቶ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ እንደገና አድርጋ፣ በጣቷ ስትቆጥር አገኘኋት። «አራት ነን» አለችኝ። «ሰባት ሰው ወልጄ አሳድጌ፣ አራት!» አለች። የወለደችን ሦስት እንደሆንን፣ የቀረው አማችና የልጅ ልጅ እንደሆነ ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። ከዚያ «አንቺ ሥራሽ መጻፍ ነው። ለእህትሽ ጻፊላት። እልኸኝነትሽን ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ በያት» አለችኝ።

እንደምታውቂው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤታችንን ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። ኃላፊው ጠረጴዛ ደብድበው ሲሳደቡ «ጠንከር ያለ አስተያየት ሰጡ» ብዬ አስፍሬያለሁ። ግማሹ ተሰብሳቢ ሲያንኮራፋ «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ አውቃለሁ። ይህችን አንዲት መስመር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ታግዬ አልወጣልሽ አለችኝ። እማዬ ይቅር ብላሻለች። ችግሩ፣ ጥፋቱ የአንቺ አለመሆኑ ነው።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። እማዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነውና ሁላችንም አንድ ላይ ፎቶ እንነሳ ሲባል፣ ማን ምን ይልበስ የሚለውን ጉዳይ ማንም ሳይሾመኝ ተረከብኩት። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ አንድ ገጽ ተኩል «የቤተሰብ ፎቶግራፍ የአለባበስ መመሪያ» አወጣሁ። ቀለሙ ቡናማ ይሆናል። ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ክልክል ነው። ወደ ጎን የተሰመረ ሸሚዝ የሚፈቀደው ለቀጭን ሰው ብቻ ነው (ይህ አንቀጽ ለማን እንደገባ ወንድማችን ገብቶታል)። ልጆች አዲስ ጫማ ቀደም ብለው ቤት ውስጥ አድርገው ይለማመዱ፤ ጫማ የሚቆነጥጠው ልጅ ለካሜራ ፊት አይሰጥም። ሁላችሁንም አስፈረምኳችሁ። ወንድማችን «ይህ ፎቶ ነው ወይስ ውትድርና?» እያለ ፈረመ።

መመሪያውን የምር የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ለልጁ በልኩ ቡናማ ኮት ተፈልጎ ተፈልጎ ሲጠፋ፣ የራስሽን ካፖርት ይዘሽ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድሽ። አብሬሽ ነበርኩ። ሰፊው ጨርቁን ዘርግቶ፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «እርግጠኛ ነሽ? መቀስ ከገባ መመለሻ የለውም» ሲልሽ ሳቅ ብለሽ «እትዬ ናት ያዘዘችው» አልሽው። መቀሱ ገባ። የዚያ ጨርቅ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ በስብሰባ መሐል ሰው ወረቀት ሲቀድ እደነግጣለሁ።

ፎቶው ሊነሳ በቀረበት ሳምንት አንቺ ተረኛ ስለነበርሽ ድንቡሼ እኛ ዘንድ ከረመች። ረቡዕ ጧት ፎቶ አንሺው ቢሮ ደወለልኝ። አዲስ መጋረጃ ሰቅሏል፤ ቡናማ። «ቡናማ ለብሳችሁ ከመጣችሁ የሚወጣው ሰባት ጭንቅላትና ዐሥራ አራት እጅ ብቻ ነው» አለኝ። መጋረጃውን አውርደው ማለት ይቻል ነበር። ግን መመሪያ ማሻሻል የመሰለ ደስታ የት ይገኛል? ወዲያው ወደ ውሃ ሰማያዊ ቀየርኩት። ለወንድማችን ደወልኩ፤ ሸሚዝ አለኝ፣ ሆዴ ላይ ያለችው አዝራር ግን ኃላፊነት አልወስድም ብላለች አለኝ። ለእማዬ ሹራብ አገኘሁላት። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ለድንቡሼ ቀሚስ ልገዛ ወጣሁ። ውሃ ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ የተሸበሸበ፣ ከኋላ በመቀነት የሚታሰር። ሻጯ ልኩን በእጇ እየለካች «ለልጅሽ ነው?» አለችኝ። እኔም «አራት ዓመቷ ነው» አልኳት። መልሱ ስህተት የለበትም፤ የጥያቄው መልስ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ለአንቺ ግን ቀለሙ መቀየሩን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ረሳሁ። ሌላ ምን እላለሁ፤ ረሳሁ። ቅዳሜ እማዬ «ለእህትሽ ነግረሻታል?» ብትለኝ፣ እንዴት ረሳሽ መባሉን ፈርቼ «ነግሬያታለሁ» አልኳት።

እሁድን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ በኩል ያለውን ግን አታውቂውም። ማበጠሪያው በሲባጎ ከመስታወቱ ጋር በታሰረበት በዚያ ጠባብ ክፍል እኛ አራታችን ውሃ ሰማያዊ ለብሰን ተደርድረናል። በሩ ተከፈተና ሦስታችሁ ከመጋረጃው የተቀደዳችሁ መስላችሁ ገባችሁ። ልጁ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ሹመት ሊቀበል የመጣ መስሎ ቆመ። እንዴት ያምርበት ነበር! እማዬ አየችሽና «አንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን እንኳ እሺ ብትይኝ ምን ነበረበት?» አለችሽ። አንቺ ወደ እኔ ዞርሽ። «እትዬ፣ ቡናማ አላልሽኝም እንዴ?» አልሽኝ። እኔም የድንቡሼን ካልሲ ለማስተካከል ጎንበስ ብዬ፣ ለካልሲው፣ «ኧረ ቀይረነዋል፤ ነግሬሽ የለ» አልኩት።

መመሪያው ቦርሳሽ ውስጥ ነበር። ፊርማዬ ያለበትን ጫፉን አይቼዋለሁ። ብታወጪው አፌን ዘግቶት ነበር፤ አላወጣሽውም። በሰው ፊት ልታዋርጂኝ አልፈለግሽም። ባልሽ «እንሂድ» አለ። ልጁ «እማ፣ ኮቱ አስቀያሚ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስድስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን፣ ፎቶ አንሺውን ጨምሮ፤ አንዳችንም አልመለስንለትም። ድንቡሼ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነበርና እማዬ «እሷ እንኳ ትቅርልኝ» አለች። «ትቅር» ብለሽ ወጣሽ። ሰኞ ልትወስጃት ስትመጪ ከደጅ አልገባሽም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተያያችሁም፤ እማዬም ቡናማ ነገር ሁሉ ከቤቷ አገደች።

ፎቶ አንሺው ድንቡሼን ጭኔ ላይ አስቀመጠና «እናትየዋ፣ ልጅሽን ወደ ደረትሽ ጠጋ አድርጊያት» አለኝ። ወንድማችን ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ያህል ሲጠርግ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ጠጋ አደረግኋት። ሲጨርስ ደግሞ «እናንተን ብቻ አንዲት ልጨምር» አለ። አይሆንም አላልኩም። ጭንቅላቷ አገጬ ሥር ገብቶ፣ ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ያቺን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀላት፤ በሁለት ሙሽሮችና በአንድ ተመራቂ መካከል። ከሥራ ወደ ቤት በዚያ በኩል አይኬድም፤ እኔ ግን በዚያ በኩል እሄድ ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ቆመው «ቁርጥ እናቷን!» ሲባባሉ ሰማሁ። እንዲያወርዳት ልነግረው ሦስት ጊዜ ገባሁ። አንዴ የፓስፖርት ፎቶ ተነስቼ ወጣሁ። አንዴ ፍሬም ገዝቼ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ «ዝናቡ እስኪያባራ ነው» አልኩት፤ ውጭ ፀሐይ ነበር። ረቡዕ በአራተኛው ነገርኩት። አወረዳት። ቦታው ላይ የሌላ ሰው መንታ ልጆች ገብተዋል። ፎቶዋን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌያታለሁ፤ ከእኔ በኩል ልትቆርጪው ትችያለሽ። ቀሚሱን ግን ተይው፤ ቀሚሱ ምንም አላደረገሽም።

ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ ያልነገርኳት እኔ ነኝ፣ ረስቼ ነው፣ በሰው ፊትም ዋሽቻለሁ አልኳት። እጇን ዘርግታ ፀጉሬን ዳበሰችና «ሥራው አናውዞሽ ነው፣ ልጄ። ማን የማይረሳ አለ?» አለችኝ። አንቺን ይቅር ለማለት ሁለት ወር የፈጀባት እናት እኔን ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችኝ። ይሄኔ ነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኘኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ያ ልጅ ኮቱን ምን ብሎ ነበር የጠየቀው?» አለችና፣ መልሱን ሳትጠብቅ፣ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ የበሩን ምንጣፍ ራሷ አነጠፈችው።

እሁድ ሳምንት እንደገና እንነሳለን። መመሪያ የለም። ወንድማችን የተሰመረ ሸሚዝ እንደሚለብስ ከወዲሁ ዝቷል። መጋረጃው ይወርዳል፤ አነጋግሬዋለሁ። እማዬ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ያንኑ ኮት ለብሶ ይምጣ፣ እኔ ጎን ነው የሚቆመው፣ ለጥያቄውም እዚያው እመልስለታለሁ ብላለች። አንቺ እሷ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ድንቡሼ ጭንሽ ላይ ትሆናለች። እኔ ከኋላ እቆማለሁ፤ ቁመቴም ለዚያ ይመቻል። እንደማልገባ ከፈረድሽም ካሜራው አጠገብ ሆኜ ልጆቹን አስቃለሁ። ብቻ ነይ። ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ እማዬ ቆጥራ ሰባት ማግኘት አለባት።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ። እግርሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እናታቸውን እያወቁ ይደጉልሽ። ባልሽን ከዚህ ወዲያ ከእኔ መመሪያ ይሰውረው። ለሁሉም ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ፤ የማይቀበል ካለ አታስገድጂው።

ታላቅ እህትሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ረሳሁ» የሚለው ቃል በገባበት ቦታ ሁሉ «አልረሳሁም» ተብሎ ይነበብ። ለእማዬ በቃል የደረሳት ያልታረመው ነው። እርማቱን ለእሷ የማንበብ ወይም ቀዶ የመጣል ሙሉ ሥልጣን ለታናሽ እህት ተሰጥቷል።