ሃያ ጊዜ የሳቱት ፊደል

አሰላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1953 ዓ.ም.

ውድ የኔታ ወልደጻድቅ፣

እንደ ወጉ ስለ ጤናዎ በመጠየቅ አልጀምርም። ደህና መሆንዎን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የፈራሁትም እሱኑ ነው። ይህን ወረቀት ቱፋ ሲሰጥዎ በሰው ፊት እንዳይከፍቱት። በበቆጂ ሁሉ የኔታ ፊደል ጠፋባቸው እየተባለ ሲያነቡ ያየዎ ሰው ካለ ነገሩ ያኔውኑ አለቀ።

ባለፈው ወር ፍርድ ቤቱ «የአእምሯቸው ሁኔታ ይመርመር» ብሎ ወደ ሐኪም ቤታችን ሲልክዎ፣ መርማሪው እርስዎ ፊደል ያስቆጠሩኝ እኔ እሆናለሁ ብለው አልጠበቁም። ዶክተር ስላልነበረ ሥራው ለድሬሰሩ፣ ቁስል አጥቤ መርፌ ለምወጋው ለእኔ ደረሰ። ባለቤትዎ እማማ አልጣሽ እጅዎን ይዘው አስገቡዎት። ዓመተ ምሕረቱን ብጠይቅዎ ራስዎን ነቀነቁ። ስሜን ብጠይቅዎ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እውነት መስሎኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሀን በአንድ ወረቀት፣ ለን በሌላ ወረቀት ጽፌ «ሀ የቱ ነው?» አልኩዎ። ወረቀቶቹን እያቀያየርኩ ሃያ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሃያ ጊዜ ለን አሳዩኝ። የኔታ፣ ፊደል የጠፋበት ሰው እኮ በግምት ነው የሚጠቁመው፤ በግምት የጠቆመ ደግሞ ግማሹን ያህል ማግኘቱ አይቀርም። ሃያውንም ለመሳት ሀን አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀና ብዬ ሳይዎ ዓይንዎን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም። እማማ አልጣሽ ግን ከልባቸው ያለቅሱ ነበር፤ ለእሳቸውም አልነገሩም ማለት ነው።

ለምን እንደሚያደርጉት ወዲያው ገባኝ። ቱፋ የሚያርሰውን መሬት አባቱ ከፊታውራሪው አባት ሲገዛ ውሉን የጻፉት እርስዎ ነበሩ። ውሉ በጣሊያን ጊዜ ተቃጠለ፤ ከምስክሮቹም የቀራችሁት እርስዎና አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ነበራችሁ። ፊታውራሪው መሬቱ የአባቴ ነው ብለው ቱፋን ከሰሱና «መሬቱ አልተሸጠም ብላችሁ ማሉልኝ» አሏችሁ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ እውነቱን እናገራለሁ ባሉ በሳምንታቸው ገደል ሥር ሞተው ተገኙ። አድልጧቸው ነው ተባለ፤ ቀብሩ ላይ ግን ማንም የማንንም ዓይን አላየም። እርስዎም እውነቱን ቢናገሩ መጨረሻዎ ያው ነው። በሐሰት ቢምሉ ነፍስዎ ትጠፋለች፤ ቱፋም ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ረሱ። እርስዎ እስከረሱ ድረስ ክርክሩ በቀጠሮ ይንከባለላል፣ ቱፋም ያርሳል።

እኔም «በእርግጥ ረስተዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከችሎቱ ጸሐፊ ከፍሰሐ ጋር ጠጅ ቤት ተቀምጠን ሞቅ ሲለኝ ጉራዬን ነዛሁ። ስምዎን አልጠራሁም። «አንድ በሽተኛ ሃያውንም ሳተልኝ፤ ማስመሰሉን ያወቅሁት በዚህ ነው» አልኩት። ብልጠቴን የሚያደንቅልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ፍሰሐ ሳቀ፤ ብርሌዬን ሞላልኝና «የበቆጂው የኔታ ናቸዋ!» አለ። አይደሉም ማለት ሲገባኝ ብርሌዬን አንስቼ ጠጣሁ። በማግሥቱ ምሳውን የበላው ፊታውራሪው ቤት ነው።

አሁን ለረቡዕ ዳግም ምርመራ ታዟል፤ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ይመጣል። መጥሪያው ነገ ይደርስዎታል። ፊደል ካሳየዎ አንዳንዱን ያግኙ፣ አንዳንዱን ይሳቱ። ቀላሉ ይህ ነው። ከባዱን ያሰበው ፍሰሐ ነው፤ እየሳቀ ነገረኝ።

«መጀመሪያ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ይባላሉ። አላውቅም ይላሉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብላቸዋል። ቀኑን የረሳ ሰው ይጠጣል። ረቡዕ መሆኑን የሚያውቅ የኔታ ግን ቢሞት አፉን አይከፍትም። ወተቱን የምታቀርበው አንተ ነህ። እምቢ ብትል በሐሰት የፈረምክባት ወረቀት እኔ ዘንድ ናት።»

«የሱፍ ውሃ ነው፣ የጾም ነው፣ አይፍሩ» ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ገና ሲቀምሱት ግን ይለዩታል፣ ፊትዎም ያሳብቅብዎታል። ደግሞም እርስዎን ማታለል አልሆነልኝም። ወተት ነው። በልጅነቴ በሁዳዴ አይብ ስልስ ይዘውኝ እንዴት እንደገረፉኝ አልረሳሁም፤ ምን እንደምለምንዎ አውቃለሁ። ይጠጡት፣ የኔታ። አንዴ ፉት ብለው እንዳያስቀምጡት፤ እንደተጠማ ሰው እስከ መጨረሻ ጠብታው ይጠጡት። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ ንስሐውን ዕድሜ ልኬን እገባለሁ።

ይህን ስጽፍ ቱፋ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «መሬቱ ይቅር በላቸው፤ እሳቸው ብቻ ይኑሩልን» ይላል። ነገሩ ከመሬቱ አልፎ ከእርስዎ አንገት መድረሱን ልነግረው አልደፈርኩም። ፊታውራሪው ረቡዕ ጠዋት ከነአሽከሮቻቸው ሐኪም ቤቱ ግቢ ይገኛሉ፤ እርስዎን አጅበው ወደ ቤትዎ እንደሚመልሱ ካሁኑ አስነግረዋል።

ስገባ አይዩኝ። ብቻ ብርጭቆውን ባዶውን ይመልሱልኝ።

ፊደል ያስቆጠሩት ልጅዎ፣
ገብረ መድህን