ሰባት ዓመት የከሰረው ሰሊጥ

ለታላላቅ ሀብቶች ግብር አጥኚ ጉባኤ ክቡር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ከአንዱ አገር ስብሰባ ወደ ሌላው አገር ስብሰባ ሲበሩ የሚደክመው ወገብዎ ደህና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ በጎንደር ከተማ በአዘዞ ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት የነበረኝ ቢያዝን አወቀ ነኝ። ባለፈው ግንቦት እዚሁ ከተማችን ባካሄዱት ጉባኤ ላይ «የአነስተኛ ግብር ከፋዮች ተወካይ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎልኝ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ምሳው ሸጋ ነበር። ስለ ምሳው ካመሰገንኩ ዘንዳ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ የግብር ገማቾችን ትጋት ሳላደንቅ አላልፍም። አምና የከተራ ዕለት፣ ወጣቱ ሁሉ ተከርክሞ ወደ ቀሐ ወንዝ ሊወርድ በፀጉር ቤቴ በር ላይ ሲጋፋ፣ ሁለት ትሑት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው አርባ አንድ ራስ ቆጠሩ፤ የቀን ገቢህ ይኸው ነው ብለውም ለዓመቱ አባዙት። በክረምት ከራሴ ጢም በቀር የምላጨው የማላገኝበት ቀን እንዳለ ባስረዳቸውም፣ እነሱ በደግነታቸው ዓመቱን ሙሉ ከተራ አድርገውልኛል። ለጎንደር ይህን ያህል በዓል የሰጠ ንጉሥ እንኳ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ልጄ አዜብ ሂሳብ አያያዝ ተምራ፣ ከሳንጃ ሰሊጥ ገዝቶ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ ነበር። የድርጅቱን ባለቤት አቶ ጌትነትን ያውቋቸዋል፤ በጉባኤው በቀኝዎ የተቀመጡት፣ ያንን ምሳ የጋበዙንም እሳቸው ናቸው። እኚህ ሰው አንጀት የሚበሉ ሰው ናቸው። ሰባት ዓመት በተከታታይ ከስረዋል። በከሰሩ ቁጥርም፣ ከሐዘናቸው ብዛት ይመስለኛል፣ በሚያሠሩት ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ይጨምራሉ። አሁን ሰባተኛው ላይ ናቸው፤ ከስምንተኛው ኪሳራ እግዜር ይጠብቃቸው።

አዜብ የዓመቱን ሪፖርት ስታዘጋጅ አንድ ነገር አየች። ሰሊጡ ከገበሬው ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ፣ አንዲት ሩቅ ደሴት ላይ ለተቋቋመ ኩባንያ ይሸጣል። በደሴቲቱ ላይ መጋዘን የለም፣ ሠራተኛ የለም፤ ያለው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሰሊጡም ከወደብ በቀጥታ ወደ እውነተኛው ገዢ ስለሚሄድ ደሴቲቱን አይቷት አያውቅም። የኩባንያውን ባለቤት ፈልጋ ብታገኝ፣ ያው አቶ ጌትነት ሆኑ። ለራሳቸው አክስረው ይሸጣሉ፣ ከራሳቸው በርካሽ ይገዛሉ፣ ከዚያ በሙሉ ዋጋ ለሌላው ይሸጣሉ። ትርፉ ግብር በማይጠየቅበት ደሴት ያርፋል፤ ኪሳራው ግን አገር ወዳድ ስለሆነ ጎንደር ይቀራል።

«ሪፖርቱን ፈርሚ» አሏት አቶ ጌትነት።

«ይህቺ ደሴት ለእኛ ምን ትሠራልናለች?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺን የቀጠርንሽ እንድትደምሪ ነው እንጂ ጂኦግራፊ እንድታስተምሪን አይደለም።»

«እንግዲያው አልፈርምም» አለች። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤዋን ሰጧት።

ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቴ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምነው አዜብ?» አልኳት።

«አባየ፣ ብፈርም ኖሮ ያንተን ግብር እከፍልልህ ነበር» አለችኝ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለአፍታ እንዳቆም ይፍቀዱልኝ። የግብሩ ቀን ደርሶ ነበር፤ እጄ ላይም ምንም አልነበረም። ተመልሰሽ ፈርሚ ብዬ ልለምናት አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኗን ሳየው አፈርኩ። «ደግ አደረግሽ» አልኳት፤ ድምፄ ግን እንደ ቃሌ አልጠነከረም፣ እሷም አውቃብኛለች።

ያየችውን ሁሉ ጽፋ ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠች። ደሴቲቱ ከክልላችን ውጭ ናት ተብሎ ተመለሰላት። በእርግጥ ካርታውን ስንመለከት ልክ ናቸው።

ሦስተኛውን ቅሬታ እርስዎም ያስታውሱታል። በጉባኤው ላይ እጄን አውጥቼ፣ «እኔ በር ላይ ራስ የሚቆጥር ሰው ካቆማችሁ፣ የእነዚያን ደሴቶች በር የሚጠብቀው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ «አቶ ቢያዝን፣ ጥያቄዎ እጅግ ጥልቅ ነው፤ አገሮች ሁሉ ሲስማሙ፣ ምናልባት በሃያ ዓመት ውስጥ፣ ዝርዝሩ ይታያል» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት አቶ ጌትነት ነበሩ። እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን የአገሮችን ስምምነት ስላላስፈለገው ግብሬን እንድከፍል የተሰጠኝ ሠላሳ ቀን በቂ ሆነለት፤ በሠላሳ አንደኛው ቀን በሬ ታሸገ። ለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ልጄ ከለከለችኝ። እሷ አሁን ሳንጃ ለገበሬዎች ማኅበር በግማሽ ደመወዝ ትሠራለች። ዘንድሮ ምርት ሲደርስ ገበሬዎቹን ሰብስባ፣ ሰሊጣቸው ባሕር ማዶ ስንት እንደሚሸጥ ነገረቻቸው። ከመካከላቸው እንግዳው የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ታዲያ እኛ ስንሸጥ ለምን ረከሰ?» ብለው ተነሡ፤ ከዚያ ወዲያ በአሮጌው ዋጋ አንድ ኩንታል የሸጠ የለም። የአቶ ጌትነት ማኪናዎች ሦስት ሳምንት ባዶአቸውን ቆሙ፤ በመጨረሻ እሳቸው ዋጋ ጨምረው ገዙ። እውነተኛ ኪሳራ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ሳይቀምሱት አልቀሩም።

በተረፈ ለእርስዎ ረጅም፣ ለጉባኤዎ ደግሞ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ሃያውን ዓመት ኖሬ ለማየት ጨውና ቅቤ የቀነስኩ፣ ምሳዎን በልቼ ጥያቄዬን ያልዋጥኩ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ቢያዝን አወቀ
ፀጉር አስተካካይ፣ ከአዘዞ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሬ ከታሸገ ወዲህ ወንበሬን አውጥቼ ከአንድ ዋርካ ሥር እሠራለሁ። ትናንት አንድ አዲስ የግብር ቢሮ ሠራተኛ መጥቶ ቦታውን «ቅርንጫፍ» ብሎ መዘገበልኝ፤ የዛፉንም ጥላ በሜትር ለክቶ ሄደ። የለካው ማለዳ ስለሆነ፣ ጥላው ዓመቱን ሙሉ አስፋልቱን ተሻግሮ ይኖራል።