በኤተር ሽታ ስለተሸለሟት በቅሎዬ

ለተከበሩ የክሊኒካችን ሹም ለአቶ ፍሰሐ
አሰላ፣ ጥር ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

የጭላሎ ብርድ ሳይነካዎ፣ ጉንፋን ደጅዎን ሳይረግጥ፣ እንቅልፍዎም ያለ መድኃኒት የሚመጣ ሆኖ ይህ ጽሑፍ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የገብስ ነጋዴው ወልደአማኑኤል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ይህን አስቀድሜ መግለጼ እርስዎ እርግጠኛ ላይሆኑ ይችላሉ ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ወር ከሁሩታ ገበያ ስመለስ ከቁጥቋጦው ቆቅ ብር ብላ ብትነሣ ዳማዋ በቅሎዬ ደነበረች፤ እኔም ወድቄ የቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ሁሴኖ «ወጌሻ ጋ እንሂድ» ቢለኝም፣ የዘመኑን ሕክምና አክባሪ ነኝና «የተማረ ሰው እያለ!» ብዬ እቤቴ አደርኩና በማግሥቱ ወደ እርስዎ መጣሁ። ላገኘሁት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመድኃኒት ከመተኛቴ በፊት ምን እንደበላሁ ባለመጠየቅዎ። የሰው ጓዳ መመርመር ነውር መሆኑን ያውቃሉ። ባለቤቴ ፋናዬ ግን «በባዶ ሆድ ሕመም አይቻልም» ብላ አንድ ሙሉ ጣባ በቅቤ የታሸ ጭኮ አብልታኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ይህ ነገር ሰውን ምን ያደርጋል?» ብዬ ስጠይቅዎ «ምንም! እንደ ሽቶ ያሽትቱት» ብለው በማደንዘዣው በኤተር የራሰውን ጥጥ አፍንጫዬ ላይ ስለደፉልኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የምተርከው እግሬን ይዞ ከነበረው ከሁሴኖ ሰምቼ ነው፤ እኔ በስፍራው አልነበርኩምና።

መጀመሪያ ሳቅሁ አሉ። ቀጥዬ ቀረርቶ አሰማሁ። ፋናዬ ከአሰላ እስከ ዴራ አቻ የሌላት ቆንጆ ናት ብዬ አወጅሁ፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሰምታው የማታውቀው ቃል ነውና ከአጠገቤ ቆማ አለቀሰች። በመጨረሻም እርስዎን በደህናው እጄ አቅፌ «ወንድሜ! ዳማዋ በቅሎዬ ለእርስዎ ትሁን!» ብዬ ጮኽሁ፤ ጮኼም ድርግም ብዬ ተኛሁ።

ትከሻዬን ወደ ቦታው መለሱልኝ፤ አልክድም። ይሁን እንጂ እጅዎን ሊታጠቡ ወጥተው ደጅ ከቆሙት ጋር ስለ አዲሷ በቅሎዎ ሲጫወቱ፣ ጭኮው ወደ ላይ መጣና በጉሮሮዬ ተወተፈ። ከንፈሬ ጠቆረ፤ ትንፋሼ ቆመ። ፋናዬ «ባሌን! ኧረ ባሌን!» ብላ ስትጮኽ፣ ሁሴኖ «ያ አላህ!» እያለ በጎኔ ገልብጦኝ ጣቱን አፌ ውስጥ ከተተና ያፈነኝን አወጣ። እርስዎ ሲመለሱ እያሳልሁ ነበር። «አያችሁ፣ ነቃ!» ብለው የምሥራቹን ስላበሠሩ ሦስተኛው ምስጋናዬ ለዚሁ ይሁን። ፋናዬ ግን እስከ ዛሬ፣ ጋደም ባልሁ ቁጥር፣ እየተነፈስሁ እንደሆነ ለማወቅ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች።

«ደህና ነው፣ ይሂድ» ስላሉም መድኃኒቱ ሳይለቀኝ ወደ ቤቴ ተሸኘሁ። ፊቴን ወደ በቅሎዋ ጭራ አዙሬ ተቀምጬ፣ ገበያተኛውን ሁሉ እንደ ጳጳስ እየባረክሁ ገባሁ።

ትከሻዬ ገና ሳይጠና እርስዎ ልጓምና ምስክር ይዘው ደጄ ቆሙ። ነገሩ ከገበያው ዳር ካለው ጥድ ሥር ለተቀመጡ ሽማግሌዎች ቀረበ። እርስዎም ተነሥተው «ሰው በመድኃኒት ደንዝዞ የሚናገረው የልቡን ነው» ብለው በዕውቀት አስረዱን። ሸንጎውን የመሩት ኦቦ ዲሪባ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡና «ሸጋ ነገር ነው። እንግዲያውስ እርስዎም እዚሁ ጥቂት ያሽትቱና የልብዎን እንስማ» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ከመቀመጫዎ እንዴት እንደዘለሉ! «እንዴት ተደርጎ! ቁርሴን በልቻለሁ! ይህ እኮ ትንፋሽ ያቆማል፤ ሰው ይሞትበታል!»

የሸንጎው ሳቅ ፈነዳ፤ ኦቦ ዲሪባ ራሳቸው በትራቸውን እስኪጥሉ ሳቁ። ሁሴኖ ግን አልሳቀም። «ይህን ያውቁ ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀዎ። እርስዎም ልጓምዎን ጠቅልለው ሄዱ። በቅሎዋም ከእኔው ጋር ቀረች።

መድኃኒቱን አልረግምም፤ ያለ እሱ የዚያን ትከሻ ሕመም አልችለውም ነበር። የምለምንዎ ከጥዱ ሥር የሰጡንን ትምህርት ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ከጥጡ በፊት እንዲሰጡት ነው። ሆዱን ባዶ ያድርግ፤ ተኝቶ ሳለም፣ ነቅቶ ስሙን እስኪናገር ድረስ፣ ከአጠገቡ አይራቁ።

በሁለት እግሩ ቆሞ፣ በራሱ ሳንባ እየተነፈሰ ለክብርዎ እጅ የሚነሣው፣
ወልደአማኑኤል

ማስታወሻ፦ ወደ ሮቤ ሊዛወሩ ነው መባሉን ሰምተን የአሰላ ሰው ሁሉ ከልብ አዝኗል። ሐዘናችን ለሮቤ ሰዎች ነው።