ግድግዳው ላይ የቀረው እጅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ለወንድሜ ልጅ፣ ለአፈ ጮሌዋ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ እኔ ደህና ነኝ።

«አባቴ ለምንድን ነው ራሱ የማይጽፍልኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰንፎ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ለውሸት እንደማልሰንፍ ታውቂያለሽ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ከጀመረው ዓመት አልፎታል። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።

አምና አባትሽ ሒሳብ ለሚያስተምርበት ክፍል አንገተ ቆልማማ ካሜራ ተገዛ። ጠረጴዛ ላይ የሚጻፈውን ግድግዳ ላይ አጉልቶ ያሳያል። የትምህርት ቤቱ ጠጋኝ እኔ አይደለሁ? መመሪያውን ሳላነብ ገጠምኩት። አባትሽ እርሳስ ይዞ እጁን ከሥሩ ሲያስገባ በር የሚያክል እጅ ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ቲቸር፣ በርዶዎት ነው?» አለች ከፊት የምትቀመጠው።

«ካሜራው ነው። ወንድሜ ብሎኑን አላጠበቀውም።»

ስሜን አጠፋው፤ መፍቻዬን አወጣሁ።

ከዚያ ተንኮል ፈጠርን። ካሜራው ምስሉን ባለበት የሚያቆም ቁልፍ አለው። በእረፍት ሰዓት ስሌቱን እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ እጁን ወረቀቱ ላይ ጫን ያደርግና ቀጭ! እጁ ግድግዳው ላይ እንደ ድንጋይ ጸጥ ይላል። እውነተኛውን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ያስተምራል። ከቦታው እንዳይነሳ ብቻ ተስማምተናል።

ማክሰኞ ዳይሬክተሯ ልትታዘብ ገባች። እሱ ረሳውና ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ቲቸር፣ እጅዎን ጥለውት ሄዱ!» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ። ዳይሬክተሯ አልሳቀችም።

«እስቲ ቀጣዩን እዚሁ ይጻፉልኝ» አለችው።

ጻፈ። አንዲት ሰባት ቁጥር ስንት ጊዜ እንደፈጀችበት አልነግርሽም።

ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መምህር ይገባል። ዛሬ ካሜራውን ፈትቼ አጸዳሁት። ምንም አልተሰማኝም። ብሎኖቹን በየመጠናቸው ደረደርኳቸው። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«ላልቶ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አዎ። እኔ ነኝ ያላጠበቅኩት» አልኩት።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ጤናሽን ይጠብቅልሽ። ምላስሽንም አያሳጥርብሽ፤ ስትደውዪለት ያስፈልገዋል።

አጎትሽ ባለ ብሎኑ

ከዚህ በታች ያለው ጭረት እስክሪብቶ ስሞክር እንዳይመስልሽ። አባትሽን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶበታል። ስምሽ ነው።