የቦይለሩ መስታወት

ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለናኦድ፣ አላስካ፣ ዳች ሃርበር ወደብ

ልጄ እንዴት ሰነበትክ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? የማሽን ክፍል ሙቀት ስለማያጣ ብርዱን አልፈራልህም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲገጥመው ያጉረመርማል፤ ሰማንያ ዓመት ተሸክሞኛልና መብቱ ነው።

ፊደሉ ትልልቅ የሆነው እስክሪብቶው ወፍራም ስለሆነ ነው። ጎረቤታችን ነጂባ ካርቶን ላይ የምትጽፍበትን ሰጥታኝ ነው። ይሄ በዕድሜዬ የጻፍኩት ሦስተኛ ደብዳቤ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ አቃቂ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ከሥራ መልስ መሆኑን ታውቃለህ። የቀሩትን ሁለቱን የጻፍኩት ለእናትህ ነበር። ነፍሷን ይማረውና ማንአልሞሽ ሁለቱንም በቀይ አርማ መለሰችልኝ። አንተ አታርመኝ፤ ያልገባህን ዝለለው።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትል። አንተ እንደ ሰው መደወል ትተህ ቪዲዮ ኮል ማድረግ ይዘሃል፤ ስናወራ ዓይን ዓይኔን ታያለህ። ልጅ አባቱን እንደ ሐኪም አያየውም።

የጠየቅከኝን አልረሳሁም። ኩባንያው የማሽን ክፍል ረዳትነቱን ሊሰጥህ ነው፤ የሁለት ዓመት ውል ነው፤ እስከ ፈረንጆቹ ወር መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ለነጂባ ልጅ ለሀዋ በላክኸው ድምፅ ላይ «አባዬ ስለ ዓይኑ እውነቱን ይንገረኝ፤ ብቻውን መኖር ካቃተው ውሉን ትቼ ኤርፖርት ሻንጣ ወደ መጫኑ እመለሳለሁ» ብለሃል። ሀዋ ሁለት ጊዜ አሰማችኝ። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የጠየቅኋት።

ይሄን ያስጠየቀህ የጓደኛህ የፍቅረ ሥላሴ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ይዞልኝ መጥቶ በሩ ላይ ዝም ብሎ ቆመ። «ናኦድ፣ መቼ መጣህ?» አልኩት። እሱም ይሄን እንደ ትልቅ ወሬ ላንተ አደረሰ። ቁመቱ ያንተው ነው፤ ሰው ቤት የሚገባ ደግሞ ድምፅ ያሰማል እንጂ እንደ ምሰሶ አይገተርም። ለማንኛውም መልሱን እሰጥሃለሁ። ግን የሆነውን በተራው ካልነገርኩህ መልሱ አይገባህም።

ሀዋ ኮሌጇ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ሙዪ ብሏት ሐይቁ ላይ አንዲት አሮጌ መርከብ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች ስልህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ወረቀት ትሰጣለች። ነጂባ ቤት ምሳ ስንበላ «አባባ፣ በድንጋይ ከሰል የምትሄድ የዓሣ መርከብ ናት፤ ዕድሜዋ ከመቶ በላይ ነው፤ የሚያስነሷት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሶ ሁሉንም ከመጽሐፍ እያዩ ነው የሚያደርጉት» ብላ ሳቀች፤ የፈረንጅ «ሶ» ከአፏ አይጠፋም። እኔ ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። መርከቧ ላይ እሳት የሚጭረው ማነው ብዬ ጠየቅኋት። እንጃ አለችኝ። በነጋታው ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን፣ ይዛኝ ሄደች።

ባቡሩን ወደድኩት። በየጣቢያው ስሙን ጮክ ብሎ ይናገራል። አውቶቡሱ ግን ቁጥሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ዝም ይላል።

መርከቧ ስሟ ኤለን ነው። ገና ከመሰላሉ ሳልደርስ ሽታዋ ነገረኝ። ከሰል፣ ዘይትና የደረቀ ጨው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖኛል እንዲህ ያለ ሽታ ካሸተትኩ፤ ግን ሽታ አይረሳም። የመርከቧ አለቃ ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። ወንበር ሰጡኝ፤ በወረቀት ኩባያ ቡና ሰጡኝ፤ ብርድ ልብስም ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። እንግዳ አደረጉኝ ማለት ነው። ተናድጄ ነበር፤ ለሀዋ ግን አልነገርኳትም።

ምፅዋ ሠርቼ እንደነበር ታውቃለህ። ምን እንደሠራሁ ግን አልነገርኩህም። ሰው ሲጠይቀኝ ወደብ ላይ እላለሁ። ወደብ ላይ አልነበረም፤ ባሕር ላይ ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። መርከባችን እንግሊዞች የሠሯት፣ አርጅታ ወደ እኛ የመጣች ነበረች። እኩዮቿ አገራቸው ላይ በቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ እሷ ቀይ ባሕር ላይ ሰርዲን ታሳድድ ነበር። ሥራዋ እንዲህ ነው። ማምሻውን መረቡን እንደ መጋረጃ ባሕሩ ውስጥ ትዘረጋለች። ከዚያ ማሽኗን አቁማ ነፋሱና ውሃው ወደወሰዷት ከመረቧ ጋር ትንሳፈፋለች። እሳቱ ግን አይጠፋም፤ በእርጥብ ከሰልና በአመድ ሸፍነህ ታስተኛዋለህ። ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰዋለህ፤ እንፋሎቱ ሲነሳ ዊንቹ መረቡን ይጎትታል። እሳት ጫሪው ካልነቃ ዓሣ የለም፤ ካፒቴኑ የፈለገውን ያህል ይጩህ።

የምፅዋን ሙቀት ሰው ነግሮህ ይሆናል። እኛ ታች ሌላ ሙቀት ነበረን። እርጥብ ጆንያ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር የምሠራው። የዓሣው ቅርፊት ፀጉራችን ላይ ይደርቅ ነበር፤ ከተማ ስንወጣ ሰው ከሩቅ ያውቀናል። እኔ ግን በዚያ እኮራ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ አሕመድ የሚባል የምፅዋ ሰው ነው። ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ፊት ላይ የክንድ ያህል የመስታወት ቱቦ አለ፤ የውሃውን ልክ የምታይበት ነው። ውሃው ካነሰ ብረቱ ይግላል፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ከጨመርክበት ይፈነዳል፤ ይሄን ላንተ አልነግርህም፣ የተማርከው ነው። የዚያ መስታወት ክፋቱ ጢም ብሎ ሲሞላና ጨርሶ ባዶ ሲሆን አንድ መምሰሉ ነው። የውሃው መስመር ሁለቱም ጊዜ ስለማይታይ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ አሕመድ ተራ ስንቀያየር አካፋውን ይዞ ይቆማል እንጂ አይሰጥህም። መጀመሪያ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ትንሿን ቧንቧ ትከፍትና ታዳምጣለህ። ውሃ ካለ በወፍራሙ ያስላል፤ ከሌለ በቀጭኑ ያፏጫል። ተረካቢም አስረካቢም ከሰሙ በኋላ ነው አካፋው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው። ሳይሰሙ አካፋ መቀበል እዚያ ነውር ነበር።

አንድ ማለዳ ያን ነውር እኔ ሠራሁት። መረቡ በሰርዲን ከብዶ ካፒቴኑ ከላይ እንፋሎት፣ እንፋሎት ይላል። ተራው የአሕመድ ነበር፤ እሱ ግን ሊሰግድ ወጣ ብሏል። አካፋውን ከግድግዳው አነሳሁ። መስታወቱን አየሁት፤ ሙሉ ነው። ከሰል ጨመርኩ። ያን ጊዜ የሚያይ ዓይን ነበረኝ ልጄ፤ ከወደቡ አፍ ላይ ሆኜ የጀልባ ስም የማነብ ባልሆንም ቀለሟን እለይ ነበር። አሕመድ ተመልሶ ቧንቧዋን ከፈተ። አፏጨች። የነደደውን ከሰል በመጎተቻው ስቦ እዚያው እግሩ ሥር አወጣው። ቦይለሩ ተረፈ፤ የግራ እግሩ ግን አልተረፈም። መረቡም ሳይነሳ ፀሐይ ወጣችበት፤ ዓሣው ተበላሸ። ካፒቴኑ ጥፋተኛው ማነው ብሎ ሲጠይቅ አሕመድ «የኔ ተራ ነበር» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት እያነከሰ ከመርከቧ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይሄን ለእናትህም አልነገርኳት። የነገርኩህ አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ወደ ኤለን ልመለስ። እሳቱን ከማለዳው ለኩሰውታል፤ እንፋሎቱ ሊነሳ ነው። ታች የሚሉትን ሀዋ ትተረጉምልኛለች። ውሃው ሙሉ ነው፣ ከሰል ጨምሩ እያሉ ነው። ቧንቧዋ ስትከፈት ግን አልሰማሁም። ብርድ ልብሱን ጥዬ ተነሳሁ። ወደ ታች የሚያስገባውን ክዳን የያዘው ሰው ሊከለክለኝ ነበር፤ አለፍኩት። መሰላሉ አሥራ አንድ መርገጫ ነው፤ ቆጥሬ ወረድኩ፤ ሀዋም ተከተለችኝ። ዋልተር በባትሪ መስታወቱን አበራልኝ። እኔ ባትሪውንም መስታወቱንም ትቼ ቧንቧዋን በእጄ ፈለግኋት። ምፅዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ነበረች።

ከፈትኳት። አፏጨች።

«ሀዋ፣ እሳቱን ያውጡት በያቸው። ውሃ እንዳይጨምሩ።»

«አባባ፣ ሙሉ ነው እኮ እያሉ ነው። ሁሉም አይተውታል።»

«ማየቱን ይተዉት። ዝም ብለው ይስሙ።»

እንደገና ከፈትኳት። ዋልተር ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። ከዚያ መጎተቻው ሲንኳኳ፣ ከሰሉ ብረቱ ላይ ሲወርድ፣ ሀዋ በመሰላሉ ወደ ላይ ስትሮጥ። ማንም አልተነካም። ለካስ ከመርከቧ ሆድ ሥር ያለ አንድ ማፍሰሻ በደንብ ሳይዘጋ አድሮ ውሃው ወደ ሐይቁ ሲሄድ ነው ያረፈደው። ሐይቅ ውስጥ የሚፈስ ውሃን ማን ያየዋል።

ሰዎቹ እጄን ጨበጡኝ፤ አንዱ አቀፈኝ፤ ቡናውን ደግሞ በእውነተኛ ስኒ አመጡት። ዋልተር እንዴት እንዳወቅኩ በሀዋ በኩል ጠየቀኝ። ሰማሁ አልኩት። የአሕመድን ልማድ ነገርኩት፤ የእግሩን ነገር ግን አልነገርኩትም።

ስንመለስ ባቡሩ ላይ ሀዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ከኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ ስናልፍ፣

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መስታወቱን ጭራሽ አላዩትም፣ አይደል?» አለችኝ።

ኮቴን ቆለፍኩ።

«ሶ ለናኦድ ምን ልበለው? ደህና ነው ልበለው?»

ባቡሩ ኦቴሎ ብሎ ስም ጠራ። ሰው ወረደ፤ ሰው ወጣ። እኔ አሕመድ ትዝ አለኝ፤ ካፒቴኑ ሲጠይቅ አጠገቡ መቆሜ።

«ምንም አትበዪው። እኔ እጽፍለታለሁ» አልኳት።

«እውነቱን?»

«ጣቢያችን ደርሷል፣ ተነሺ» አልኳት።

እንግዲህ መልሴ ይሄ ነው። ውሉን ፈርም። ለእኔ ብለህ ኤርፖርት ብትመለስ በር አልከፍትልህም፤ ታውቀኛለህ። ከአልጋዬ እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ከበሩ እስከ ነጂባ በር ሃያ ስድስት። ምድጃው ማጥፊያ ላይ ነጂባ ወፍራም ክር አስራልኝ የቱ ጋ እንደሚጠፋ በእጄ አውቀዋለሁ። መድኃኒቱን ሀዋ በየሳጥኑ ትለይልኛለች። ባቡሩ እንደነገርኩህ ይናገራል።

ባለፈው ማክሰኞ ሀዋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የሄድኩት ከጭቅጭቋ ልረፍ ብዬ ነው። ሐኪሟ ጨዋ ሴት ናት፤ ብዙ ቆየችብኝ። ቀኝ ዓይኔን በመጋቢት ይሠሩታል፤ ቀላል ነገር ነው ብላለች፤ የዚያኑ ቀን ቤቴ እመለሳለሁ። ግራውን እንዳይነኩት ተስማምተናል። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ይባል ነበር፤ አልሄድኩም። ማንንም አትውቀስ፤ ተራው የእኔ ነበር።

ትናንት እንደገና ኤለን ላይ ነበርን። ማፍሰሻው ተጠግኗል። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ዋልተር አካፋውን ይዞ ፊቴ ቆመ። አልሰጠኝም። ቧንቧዋን ከፈትኩ፤ በወፍራሙ አሳለች፤ እሱም ሰማ። ከዚያ አካፋውን እጄ ላይ አደረገልኝ። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ በሦስተኛው ወገቤ እምቢ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመስማቱ ሥራ የእኔ ሆኗል። ደመወዝ የለውም፤ ወንበሩን ግን ታች አውርደውልኛል።

የእናንተ መርከብ በኮምፒውተር እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቢሆንም ተራ ስትረከብ የሚያስረክብህ ሰው ደህና ነው ስላለህ ብቻ አትቀበል። ቆመህ ስማ። ሲሳሳትብህም በሰው ፊት ስሙን አትጥራ፤ አንተ ስትሳሳት ግን የራስህን ጥራ።

ነጂባና ሀዋ ሰላም ብለውሃል። ፍቅረ ሥላሴንም ይቅር ብዬዋለሁ።

የአሕመድን ዕድሜ ላንተ ይጨምርልህ፤ እሱ ምን ያህል እንደኖረ ባላውቅም መልካም ሰው ነበርና ረጅም ይሁን። ባሕሩ ይታዘዝልህ፤ ብረቱ በእሳት አይጋልብህ፤ ቆመህ የምትሠራባቸውን እግሮችህን ድንግል ማርያም ትጠብቅልህ።

አባትህ
ገብረሕይወት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በሚያዝያ ስትመጣ በሩ ላይ ዝም ብለህ አትቁም። ድምፅህን አሰማኝ።