ሦስተኛው ምስክር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ቁልቁለቱን መውረድ ፈቀደልሽ? ያ ደረቅ ሳልስ ተወሽ? ዶሮዎችሽን ቀበሮ አልደፈረብሽም? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። ፈረሶቹም ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጠይቂ። ራሴ ነኝ። እዚህ ባዝ ከተማ፣ በሰባኪው በሚስተር ጋርዝ የማታ ትምህርት ቤት፣ ከወጥ ቤት ሴቶችና ከአሽከሮች ጋር ተቀምጬ ክረምቱን ሙሉ ተምሬ ሁሉንም ቀደምኳቸው። ሚስተር ጋርዝ እንደ እኔ ያለ ተማሪ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል። እንደ እኔ የሚያወራ ማለቱ ነው ይላሉ ምቀኞች። ይበሉ። የእነርሱ ፊደል እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይሄዳል፤ የእኔ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ደብዳቤውን የሚያነቡልሽ የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ፒም ስለሆኑ ለእርሳቸው እጅ እነሣለሁ። ሁሉም ነገር በሰው አፍ አይነገርምና የተውኩትን አንቺ ሙዪው።

የጌታዬን የሚስተር ዊንስሎን መሞት ሰምተሻል። የባዝ ፍል ውኃ ያድናል ቢባል መጥተን፣ ሲነከሩና ሲጠጡ ከርመው አረፉ። መቼም ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ወሬ ይወዱ ነበር። ከቤታቸው እስከዚህ ድረስ አንገታቸውን በሠረገላው መስኮት አውጥተው፣ በነፋሱ ላይ እየጮኹ፣ የትውልዳቸውን ታሪክ ሲነግሩኝ ነው የመጣነው። ለንጉሥ ሲዋጉ ጆሯቸው የተቆረጠው ቅድመ አያታቸው፣ ስንዴ ማሳውን ነቅለው በግ የሞሉበት አያታቸው፣ ቀን ከሌት ሲጽፉ ዓይናቸው የጠፋው አባታቸው። የአጎቶቻቸውን ነገር ሲያነሡ አንድ በአንድ ጠርተው፣ “ልጅ ሳይተካ ሞተ” እያሉ ይዘጉታል። ራሳቸው ጋ ሲደርሱ መስኮቱን ይዘጋሉ። ሌሎቹ አሽከሮች፣ “የሚነግሩት ለፈረሶቹ ነው” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔ ግን እስከ ሰባት ቤት ድረስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለሠረገላ ነጂ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? እኔም አልጠየቅሁ፣ እርሳቸውም አልነገሩኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ፈርቼ ነው የምዞረው።

ሕመሙ ሲጠና ጌታዬ ኑዛዜያቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉት። ጠበቃ አልጠራም፣ ገና ሳልሞት ይገንዘኛል አሉ። መሬት ያለበት ኑዛዜ ሦስት ምስክር ይፈልጋል። ዶክተሩ ፈረመ፤ የተከራየንበት ቤት ባለቤት ፈረመች። ሦስተኛዋ ወጥ ቤቷ ዶርካስ እንድትሆን ተጠራችና በሊጥ እጇ መጣች። መጻፍ አትችልም፤ በስሟ ፋንታ የመስቀል ምልክት ልታደርግ ብዕሩን ያዘች። እኔ እሳት ልጨምር ከሰል ይዤ ገብቼ ነበር። ከሰሌን አፍስሼ ብወጣ ምን ነበረበት?

“ዶርካስ፣ መስቀልሽን፣ መስቀል ለምታትሚበት ለስቅለት ዳቦሽ አቆዪው። እዚህ ቤት ስሙን የሚጽፍ ሰው አለ” አልኩ።

ዶክተሩ ሳቀ። ዶርካስ፣ “ወሬኛ!” ብላ ብዕሩን ጣለችልኝና ወደ ምድጃዋ ሄደች። ጌታዬ አልሳቁም። ከላይ ያለውን ጽሑፍ በመዳፋቸው ሸፍነው ታች ያለውን ቦታ አሳዩኝ። እኔም ከሰል በነካው እጄ ጆብ ታከር ብዬ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ጌጥ ጨመርኩበት። ጌታዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት።

“ይህ የአባቴ የእጅ ጽሕፈት ነው” አሉ።

ዶክተሩ ትኩሳቱ ነው አለ። ባሕር ውስጥ ሰጠመ ያልሽኝ አባቴ መጻፍ ይችል እንደ ነበረ ነግረሽኝ አታውቂም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ከቀብሩ በኋላ ጠበቃው ሚስተር ስኬልተን ኑዛዜውን በሁላችን ፊት አነበበ። ርስቱ ሁሉ ለወንድማቸው ልጅ ለሚስተር ላምበርት ሆነ፤ ይህን ሁሉም ጠብቆታል። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ “በወንዙ መሻገሪያ ያለው ቤት ከነአትክልቱ ለጆብ ታከርና ከእርሱ ለሚወለዱት ለዘላለም ይሁን።” ያንቺ ቤት፣ እናቴ። የምትቀመጪበት። ዶርካስ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ “እንግዲህ ባለርስት፣ ለእኛም ሰላምታ ትሰጠን ይሆን?” አለችኝ። እኔም ትንሽ ደረቴን ነፋሁ፤ አልዋሽሽም።

ጠበቃው ግን ገጹን ገልብጦ ፊርማዎቹን አየ። ጆብ ታከር ማለት አንተ ነህ ወይ አለኝ። እኔ ነኝ፣ ያውም ራሴ ነኝ የጻፍኩት አልኩት፤ የተመሰገንኩ መስሎኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብሎ ነገረኝ። በኑዛዜ የመሰከረ ሰው ከዚያው ኑዛዜ ምንም አይወርስም። ምስክርነቱ ይጸናል፤ ስጦታው ይፈርሳል። ሕጉ እኔ በተወለድኩ ሰሞን የወጣ ነው አለኝ። አብሮ አደጌ ነዋ! ጌታዬ አላወቁትም፤ ዶክተሩም ከበሽተኛ ደም ከመቅዳት በቀር የሚያውቀው የለም። ያን ቀን ዶርካስ መስቀሏን አድርጋ ቢሆን ኖሮ ቤቱ የእኔ ነበር።

ፊርማው የእኔ አይደለም ብዬ ብክድስ አልኩት። እንዲያማ ከሆነ ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ይሆናሉ፣ በመሬቱ በኩል ኑዛዜው ይፈርሳል፣ መሬቱም የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ ለሚስተር ላምበርት ይገባል አለ። ብምልም የእርሳቸው፣ ብክድም የእርሳቸው።

“ከእርሳቸው የሚቀርብ ካለ ይምጣ” አለና መነጽሩን አውልቆ አየኝ። “ያውም በሕግ ጋብቻ የተወለደ።”

ፈረሶቹ ብርድ ላይ ቆመዋል ብዬ ወጣሁ።

ዝም አላልኩም፤ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ፤ አዘነልኝ፣ ሱረቱን ስቦ አነጠሰ፣ በሩን ዘጋ። ሚስተር ጋርዝ እንጸልይ አለኝ፤ ጸለይን። ሚስተር ላምበርት ዘንድ ባርኔጣዬን ይዤ ቆምኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ በተሳደብኩ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ቤቱን ደግሞ ለአዲሱ የደን ጠባቂዬ ቃል ገብቼለታለሁ አሉ። ሠረገላውን መንዳትህን ቀጥል፣ አጎቴ ይወዱህ ነበር ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በሽቅድምድም እንደ ተሸነፈ ፈረስ።

ስለዚህ እናቴ፣ በመጋቢት፣ ተከራይ በሚለወጥበት በማርያም ብሥራት ቀን ቤቱን መልቀቅ አለብሽ። ሰዎቹ መጥተው ዕቃሽን ደጅ እስኪያወጡ አትጠብቂ፤ ጎረቤት እንዳያይሽ። ወንድምሽ ሩበን ጋሪውን ይዞ እንዲመጣ ጽፌለታለሁ፤ የሚያነብለት ካገኘ። አልጋሽንና ድስቶችሽን ውሰጂ። አትክልቱ ውስጥ ያለውን የፖም ዛፍ ግን ምን እንደምታደርጊው አላውቅም። ብትቆርጪውም አልፈርድብሽም። መጥቼ ዕቃሽን ባነሣሣልሽ በወደድኩ፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሚስተር ላምበርትን ወደ ለንደን እንዳደርስ ታዝዣለሁ። ስድስት ቋንቋ በምላሴ ብናገር፣ ሃያ ገጽ ብጽፍ፣ ይህችን አንዲት ነገር መመለስ አልቻልኩም።

ለእኛ ለአሽከሮቹ የሐዘን ጥቁር ኮት ተሰጥቶናል። ሦስት ወር ለብሰን እንድንመልሰው ታዘናል፤ ለአሽከር የሚገባው ይኸው ነው። እኔ መልሼው የራሴን አሰፋሁ። ልብስ ሰፊው ለስንት ጊዜ ነው አለኝ፤ ዓመት የሚችል አድርገው አልኩት። ዓመት የሚለብሰው ማን እንደሆነ እርሱም ያውቃል፤ ቀና ብሎ አየኝና ክሩን ደረበው። አንቺም ያ ጥቁር ሻሽሽ ከሣጥኑ ሥር አለ። ልበሺ አልልሽም። ከለበስሽው ግን፣ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ከእኔ ወገን አይደለም።

አምላክ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ደረትሽን ከብርድ ይጠብቅልኝ። አዲሱ ደጅሽ የሰላም ይሁን። ሳላይሽ አይግደለኝ።

እስከ ዛሬ ያንቺ ብቻ የነበርኩት፣

ልጅሽ